አምደኛና ተንታኝ ስናምን የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ «እንትና እኮ እንዲህ ብሏል» የሚል አይጠፋም። እንትና ከየት ሆኖ ተናገረ፣ አምና ያለውስ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። በአምደኛና በተንታኝ ቃል ቤቱን የሚሸጥ፣ ከጎረቤቱ የሚቀያየም አለ።

ዜናና አስተያየትን መቀላቀል

ዜና የሆነውን ይነግራል። አምድ የጸሐፊው ሐሳብ ነው፤ ርዕሰ አንቀጽ ደግሞ የጋዜጣው አቋም። ባለቤቱንም እወቁ። አዲስ ዘመን የመንግሥት ነው፣ በኩር የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ሪፖርተር የግል። ባለቤቱን ማወቅ ጸሐፊውን ውሸታም አያሰኘውም። ምን ሊዘል እንደሚችል ግን ይጠቁማል።

እርግጠኝነትን እንደ እውቀት መቁጠር

«አበቃ»፣ «አይቀርም»፣ «በሁለት ወር ታያላችሁ» የሚል ሰው ይማርካል። «እስከዚህ አውቃለሁ፣ ከዚህ በላይ አላውቅም» የሚለውን ማንም አያጋራውም። ፊሊፕ ቴትሎክ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር የ284 ባለሙያዎችን ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ ትንበያዎች ለ20 ዓመት ያህል ሰብስበው መረመሩ። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሚዲያ የሚያዘወትራቸው ስመ ጥሮች ከሌሎቹ የባሰ ሲስቱ ተገኙ። እኛ ደግሞ ቶሎ የምናምነው እነሱን ነው።

ስለዚህ ትንበያ ስትሰሙ ቀኑን ያዙ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ስንት ተስፋ ተጽፏል! ያን የጻፈ ሰው በኋላ ተመልሶ ለምን እንደዘገየ አስረድቷል? ወይስ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ትንበያ አለፈ? እኔ ሰውን የምመዝነው በመጀመሪያ በዚህ ነው።

ሩቅ ያለውን እንደ ዓይን ምስክር መስማት

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕወሓት ደሴን ያዝኩ አለ። መንግሥት ከተማዋ በእጄ ናት አለ። በዚያ ሰሞን ከሩቅ ሆነው ሁሉን እንዳየ ሰው የሚተነትኑ አልጠፉም። የሚያዳምጣቸው ግን ልጆቹን ይዞ ይውጣ ወይስ ቤቱን ይጠብቅ የጨነቀው ሰው ነበር። ለዚያ ሰው የተሳሳተ ትንታኔ ምን እንደሚያስከፍል አስቡት።

አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይሄን እንዴት አወቀ? ራሱ አየ? እዚያ ያለ ሰው ጠየቀ? ወይስ ቴሌግራም ላይ አነበበ? ምንጭን ለደኅንነቱ ሲባል ስሙን መደበቅ ያለ ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ ግን ምንጩ ነገሩን አይቶ ይሁን ሰምቶ ይነግራችኋል። «ታማኝ ምንጮቼ» ብቻ እያለ ዓመት የሚከርም ሰው ያስጠረጥራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ አምደኛ ፓትሪሺያ ስሚዝ ሥራዋን የለቀቀችው በአምዷ ያስገባቻቸው አንዳንድ ሰዎችና ንግግሮች የፈጠራ መሆናቸው ስለታወቀ ነው። ብዕሯ ተወዳጅ ነበር።

በምናውቀው ነገር አለመመዘን

ይሄኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ስለ አካባቢያችን የተጻፈ እናነባለን። ጸሐፊው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደሴ ውስጥ ያደርገዋል እንበል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የማያውቅ መሆኑ ያስታውቃል። እንናደዳለን፣ «ይሄማ አያውቅም» እንላለን። ከዚያ ገጹን እንገልጥና ያው ሰው ስለ ቀይ ባሕር የጻፈውን እንዳለ እንቀበላለን። ቅርብ ያለውን ያላጣራ ሰው ሩቁን አጣርቷል ያለን ማነው?

ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ስለ ልብስ ፋብሪካ የተጻፈውን፣ የጭነት መኪና ሹፌር ስለ ደረቅ ወደቡ፣ መምህር ስለ ፈተና የተባለውን አዲስ አበባ ከተቀመጠ ተንታኝ በተሻለ ይመዝናሉ። ያገኙትን ስህተት ለሌላው ቢናገሩ ትልቅ ነገር ነው።

ስለተስማማን ብቻ ማመን

ሐሳባችንን ለሚደግፍ ሰው ማስረጃ አንጠይቅም። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። የወደዳችሁትን ጽሑፍ የማትወዱት ሰው የጻፈው ነው ብላችሁ እንደገና አንብቡት።

«ሁሉም ያው ነው» ማለት

ብዙ የተታለለ ሰው በመጨረሻ እዚህ ይደርሳል። አልፈርድበትም። ግን እንዲህ ስንል በጥንቃቄ የሚሠራውንም ከቀጣፊው ጋር አብረን እንጥለዋለን፤ የሚጠቀመው ደግሞ የሚጮኸው ነው። ልዩነታቸው ሲሳሳቱ ይታያል። አንዱ ቪዲዮውን አጥፍቶ ዝም ይላል። ሌላው በዚያው አምድ ላይ «ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ስህተት ነበር፣ ትክክሉ ይሄ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ካገኛችሁ በሐሳቡ ባትስማሙም ማንበባችሁን አታቋርጡ።