የሩጫ ሰዓት ለተጫዋች ምልመላ፦ ምን ያህል ይታመናል?

ጎንደር ላይ ለታዳጊ ቡድን ምልመላ የፍጥነት ፈተና የምትሰጡ አሠልጣኞች፣ ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ በእርምጃ አይሆንም። የአሜሪካ ፉትቦል መልማዮች የሚጠቀሙበት 40 ያርድ 36.58 ሜትር ነው። 10 ሜትር ላይም ምልክት አድርጉ፤ በጨዋታ አብዛኛው ሩጫ አጭር ስለሆነ የመነሻው ሰዓት የበለጠ ይናገራል።

ትልቁ ስህተት ከእጅ ሰዓት ይመጣል። ሰዓት ያዡ ሯጩ ሲነሳ አይቶ እስኪጫን ይዘገያል፤ መድረሻው ላይ ግን ቀድሞ ገምቶ ይጫናል። ስለዚህ ውጤቱ ከኤሌክትሮኒኩ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ያጥራል፤ በአጭር ሩጫ ይሄ ትንሽ አይደለም። ሁለት ሰው ይያዝ፣ ልጁ በ5 ደቂቃ እረፍት ሦስቴ ይሩጥ፣ መካከለኛውን መዝግቡ። ክረምት በጨቀየ ሜዳ የተገኘን ሰዓት ከበጋው ጋር አታወዳድሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ትናንት ከቆላ የመጣ ልጅ በረጅም ሩጫ ቢያለከልክ አትፍረዱበት።

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ቶም ብራዲ በ2000 እ.ኤ.አ. 40 ያርዱን በ5.28 ሰከንድ ሮጦ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 199ኛ ተመረጠ፤ ግን 7 ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸነፈ። ሌላው ተጫዋች ጆን ሮስ በ2017 በ4.22 ሮጦ 9ኛ ቢመረጥም ያን ያህል አልዘለቀም። እናም መጀመሪያ ጨዋታውን እዩ፤ ሜዳ ላይ ፈጣን የመሰላችሁ ልጅ ሰዓቱ ከዘገየ፣ ቪዲዮውን መልሳችሁ ተመልከቱ።