በሃይላንድ ጠርሙስ የአረፋ ምርምር እንዴት ይሰራል?

ከሸዋሮቢት የታሸገ ችፕስ ገዝታችሁ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ጣርማበር ላይ ስትደርሱ ማሸጊያው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል። ውስጡ ያለው አየር አልጨመረም፣ ከውጭ የሚጫነው አየር ነው የሳሳው። ሸዋሮቢት ከባህር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ገደማ። ሙቀቱ እኩል ቢሆን ያው አየር እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል።

ውሃ ውስጥ ያለ አረፋም እንደዚያው ነው፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ያብጣል። ልጆች የሚጫወቱበት ነገር ይመስላል እንጂ መዳብና ዚንክ ከድንጋዩ የሚለዩት በአብዛኛው በአረፋ ነው። በከርሰ ምድር እንፋሎት መብራት ለማመንጨት ከተቆፈሩት የአሉቶ ላንጋኖ ጉድጓዶች የሚወጣውም እንፋሎትና ፍል ውሃ ተቀላቅሎ ነው። የከተማችን ሁለቱ ቢራ ፋብሪካዎች ነገርማ ግልጽ ነው። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች አራት ነገር ይለካሉ፦ አየሩ በደቂቃ ስንት እንደሚገባ፣ አንዱ አረፋ ምን እንደሚያክል፣ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ፣ ከድብልቁ ውስጥ ስንት እጁ አየር እንደሆነ። አራቱንም ቤት ውስጥ መለካት ትችላላችሁ። እኔ የሰራሁት ሳሎን ወለል ላይ ነው፣ መብራት በጠፋበት ቅዳሜ፣ እና ምንም መብራት አላስፈለገኝም።

የምትሰበስቡት ይሄን ነው፦ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ ሁለት ትንንሽ ሃይላንድ፣ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ከፋርማሲ ሁለት አዲስ የግሉኮስ ቱቦ (በአውራ ጣት የምትሽከረከረው መቆጣጠሪያ ያላት)፣ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ማስመሪያ፣ ሲሊኮን ማጣበቂያ፣ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙባት ግልጽ ጎማ አንድ ክንድ ያህል፣ እና ስልክ። የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ያለው ሰው ሥራው ይቀለዋል። እኔ ፈልጌ አጣሁ፣ ኋላ ግን እሰይ አልኩ፣ ምክንያቱም ፓምፕ በደቂቃ ስንት አየር እንደሚገፋ አይነግራችሁም። ውሃ ግን ይነግራችኋል።

1. አየሩን በውሃ መግፋት

አንዱን ትልቅ ሃይላንድ በሲሪንጅ ውሃ እየጨመራችሁ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በማርከር አስምሩበት፣ ከዚያ ድፉት። ክዳኑን ሁለት ቦታ ብሱ። ከግሉኮስ ቱቦዎቹ ላይ የመንጠብጠቢያዋን ብልቃጥ ቆርጣችሁ ጣሉ። አንዱ ቱቦ በክዳኑ ገብቶ ጠርሙሱ ወለል ድረስ ይውረድ፣ ሌላው ከክዳኑ ስር ብቻ ይቅር። ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑና አሳድሩት። አትቸኩሉ። እኔ በሦስት ሰዓት ልሞክረው ብዬ ክዳኑ ሲያስተነፍስ ግማሽ ቀን ቁጥሬ አልገጥም አለኝ። አየር የሚያመልጥ ከመሰላችሁ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ የጋዝ ሲሊንደር እንደምንፈትሸው ማለት ነው፣ የሚያስተነፍሰው ቦታ ላይ አረፋ ይነፋል።

ጀሪካኑን ውሃ ሞልታችሁ ቁምሳጥን ላይ ስቀሉት፣ ጠርሙሱ ወለል ላይ ይሁን። ወለል ድረስ የወረደውን ቱቦ ሌላኛውን ጫፍ ጀሪካኑ ውስጥ ንከሩ። ከዚያ የአየሩን ቱቦ ጫፍ በአፋችሁ ሳብ ስታደርጉ ውሃው ከላይ ይመጣል። ውሃው በገባ ልክ አየሩ ይወጣል፣ አንድ ሊትር ውሃ ሲገባ አንድ ሊትር አየር። መቆጣጠሪያዋን የአየሩ ቱቦ ላይ ተዉ፣ ፍጥነቱን የምትወስኑት በሷ ነው።

አደራ፣ ውሃው 1,800 መስመር ላይ ሲደርስ ዝጉት። እኔ ቡና ላፈላ ብዬ ሄጄ ስመለስ ጠርሙሱ ሞልቶ፣ ውሃው በአየሩ ቱቦ አልፎ ምንጣፉን አጠጥቶታል። እናቴ እስካሁን «ያ የአረፋህ ነገር» እያለች ታነሳብኛለች።

2. አረፋውን ማየት

የሁለተኛውን ትልቅ ሃይላንድ አንገት ቆርጣችሁ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሙሉ። ማስመሪያውን በውጭ በኩል ለጥፉ፣ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ አድርጉ፣ ብርሃን ከጎን ይምጣ። የአየሩን ቱቦ ጫፍ ማንኪያ ላይ በላስቲክ አስራችሁ ወለሉ ላይ አስተኙት። መቆጣጠሪያዋን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ አረፋው አንድ በአንድ እስኪወጣ።

አሁን ቁጥር። እንበልና በ5 ደቂቃ ጠርሙሱ 105 ሚሊ ሊትር ተሞላ። ይህ በደቂቃ 21 ነው። በስልክ ቀድታችሁ ስትቆጥሩ በደቂቃ 300 አረፋ ወጣ። 21ን ለ300 ስታካፍሉ አንዱ አረፋ 0.07 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህን በ1.91 አባዙና ሦስተኛ ሥሩን አውጡ፣ 0.51 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አረፋችሁ የ5 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ማይክሮስኮፕ የለም፣ ሌዘር የለም።

ፍጥነቱም ከዚሁ ቪዲዮ ይወጣል። ስልካችሁ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀዳ ከሆነ አረፋው 15 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት ስንት ፍሬም እንደፈጀበት ቁጠሩ። ከ18 እስከ 22 ካገኛችሁ በሰከንድ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፣ ትክክልም ነው። ከዚያ ሰፋ ያለ ቱቦ ተጠቅማችሁ አረፋውን አተልቁት። ትልቁ በጣም የሚፈጥን ይመስላችኋል፣ ግን እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። አረፋው ሲተልቅ ይጨፈለቃል፣ እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ እያለ ይወጣል፣ ውሃውም ያንኑ ያህል ይይዘዋል።

3. ውሃ በአየር ማንሳት

እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። ግልጿን ጎማ (ውስጧ ከ10 ሚሊ ሜትር ባይጠብ ይሻላል) ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ታችኛው ጫፍ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይበል፣ አረፋው በሙሉ በውስጧ እንዲያልፍ። አየሩን ጨመር ስታደርጉ አረፋዎቹ ተያይዘው የጥይት ቅርጽ ይይዛሉ፣ ጎማዋ ውስጥ ያለው ውሃም ከውጭው ከፍ ይላል። አየር ያለበት ድብልቅ ስለሚቀል የውጭው ውሃ ይገፋዋል። ከፍ ያለውን ከጎማዋ ውስጥ ላለው ጠቅላላ ቁመት አካፍሉ፣ ከድብልቁ ስንት እጁ አየር እንደሆነ አገኛችሁ፣ አራተኛው ልኬት እሱ ነው። ጎማዋን ከውሃው በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርታችሁ ብትቆርጧት ደግሞ ውሃው በአፏ መፍሰስ ይጀምራል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ የሌለው ፓምፕ። ከደከመ የነዳጅ ጉድጓድ ዘይት የሚያወጡትም ጋዝ ከስር በመልቀቅ በዚሁ ዘዴ ነው።

ለምን በቀጭኗ የግሉኮስ ቱቦ አንሞክረውም? ውስጧ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ቱቦ ውስጥ የታሰረ የአየር አረፋ በራሱ አይወጣም፣ ውሃው በገጽታ ውጥረቱ (ገጹ እንደ ተወጠረ ቆዳ ስለሚሆን) ጨምድዶ ይይዘዋል። ሐኪም ቤት ግሉኮስ ቱቦ ውስጥ አየር እንዲሁ ተገትሮ ያያችሁት ለዚህ ነው።

ጉድጓድ ላይ ልሞክረው ለሚል፦ ደብረ ብርሃን ላይ ከ7.3 ሜትር ጥልቀት የተነሳ አረፋ ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል፣ ያን ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ የሚጫነው እዚህ ካለው አየር እኩል ነውና። ባህር ዳርቻ ላይ ቢሆን ለዚህ 10.3 ሜትር ይፈልግ ነበር።

4. ጨው

አጭር ናት። ሁለቱን ትንንሽ ሃይላንድ ግማሽ ውሃ ሙሉ፣ አንዱ ላይ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሂሳብ ጨው አሟሙበት። እኩል ናጧቸው። የጨዉ ውሃ በደቃቃ አረፋ ደፍርሶ ትንሽ ይቆያል፣ የሌላው አረፋ እርስ በርሱ እየተዋዋጠ ወዲያው ይጠራል። ማዕድን የሚለዩ ሰዎች አረፋቸው ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንዳይዋሃድ ኬሚካል የሚጨምሩት ለዚሁ ጉዳይ ነው። ብዙ ትንንሽ አረፋ ማለት ማዕድኑ የሚጣበቅበት ብዙ ገላ ማለት ነው።

5. ማዕድን በአረፋ መለየት

የመጻፊያ እርሳስ ጥቁሩን ክፍል (ግራፋይት የሚባለውን) በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ዱቄት አድርጉት። ዱቄቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲሞላ፣ ታጥቦ ከደረቀ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ትንሽ ውሃና አንድ ጠብታ ላምባ ጨምራችሁ አሹት። አንድ ጠብታ ብያለሁ፣ እሳት አጠገብ አይሁን፣ ልጆችም አይቅመሱት። ከዚያ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በቀስታ አፍስሱበት።

ጥቁሩ ውሃ አይወድም፣ ላምባው ደግሞ ይብስበታል፣ ስለዚህ ከአረፋው ጋር ተለጥፎ ይወጣል። አሸዋው ውሃ ስለሚወድ እዚያው ይቀራል። በጀርመን ድሬስደን የቤሰል ወንድማማቾች በ1877 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያወጡበት ዘዴ ይሄው ነው፣ ለዚሁ ለግራፋይት፣ በዘይትና በአረፋ። በትልቁ የተሰራበት ግን በ1905 አካባቢ ነው፣ አውስትራሊያ ብሮክን ሂል ላይ፣ ከተጣለ የማዕድን አሸዋ ዚንክ ለማውጣት።

አምቦው ሲደክም ጥቁሩ ተመልሶ መስመጥ ይጀምራል፣ ስለዚህ አትዘናጉ። ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ እየገፈፋችሁ ነጭ ሳህን ላይ አድርቁት፣ የታችኛውንም ለብቻው፣ እና በዓይናችሁ አወዳድሩ። ከላይኛው ጋር ትንሽ አሸዋ መውጣቱ አይቀርም፣ በአረፋው መሃል ከሚያዘው ውሃ ጋር ተጎትቶ ነው የሚመጣው። የላይኛውን መልሳችሁ በሌላ አምቦ ድገሙት፣ ይጠራል። ፋብሪካም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። የተረፈውን ላምባ ያለበት ውሃ ግን ጓሮ ጎመን ላይ እንዳትደፉት።