የጉማሬ ቆጠራዬ እንዴት እንደተስተካከለ

ከደቡብ ወሎ ቦረና ቁልቁል ወርጄ ዓባይ ዳር ጉማሬ ስቆጥር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። በዚያው ጥልቅ ቦታ መጀመሪያ 7፣ በማግስቱ 13፣ ከዚያ 9 ሆነ። በጣም ጨነቀኝ። የተሳሳተ ቁጥር ከያዝን እየቀነሱ ይሁን እየጨመሩ በምን እናውቃለን?

ስህተቱ ከአካሄዴ ነበር። ወንዙን ተከትዬ እየሄድኩ፣ አንዴ አይቼ መዝግቤ አልፋለሁ። ጉማሬ ግን እስከ 5 ደቂቃ ገደማ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ግማሹ ሲጠልቅ ግማሹ ይወጣል። በዚያ ላይ ሰው ሲያዩ ይሰወራሉ። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት "ልጄ፣ ከላይ ቁጭ በልና ጆሯቸውን እይ" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ነው ቀድሞ ብቅ የሚለው።

አሁን ከፍ ያለ ቋጥኝ ላይ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ እቀመጣለሁ። ለግማሽ ሰዓት በየ5 ደቂቃው እቆጥራለሁ። የምይዘው አማካዩን ሳይሆን ትልቁን ቁጥር ነው። ጓደኛዬም ለብቻው ይቆጥራል፤ እስክንጨርስ አንነጋገርም። ጊዜው በጋ ነው፤ ውሃው ሲቀንስ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ጠዋት ደግሞ ከሌሊት ግጦሽ ተመልሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተቀራራቢ ቦታዎችን በአንድ ጠዋት መጨረስ ግድ ነው፤ ያለዚያ ያው ጉማሬ ሁለቴ ይቆጠራል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ጀርባ ስለሚደበቁ ለብቻቸው እጽፋቸዋለሁ።

የኔና የጓደኛዬ ቁጥር አሁን ቢበዛ በ1 ነው የሚለያየው።