ያረጀው ማንጎ ገና አላበቃለትም

ጓሯችሁ ያለው ማንጎ ከጣሪያ በላይ ሄዶ ፍሬው ለወፍ ብቻ ከሆነ፣ ከሥሩ ለመገንደስ አትቸኩሉ። ግረዙት። ጊዜው ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ ነው። መጀመሪያ የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ቀጥሎ መሀል ላይ ሽቅብ የወጣውን አንሱ፤ ብርሃን ውስጡ ይግባ።

ወፍራም ቅርንጫፍ ሲሆን መጋዙን መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ አስነኩት፣ ከዚያ ከላይ ጨርሱት። አለበለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ልጦ ይወርዳል። (ከተቆረጠው የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፤ እጅጌ ረጅም ልበሱ።) ፀሐይ ያገኘውን ግንድ ኖራ ቀቡት።

ሁሉንም በአንዴ ግን አትመልምሉት። በ3 ዓመት ከፋፍሉት፣ ካልሆነ ፍሬ እንደናፈቃችሁ ትከርማላችሁ። በወለጋ በኩል ነጩ የማንጎ ተባይ ላስቸገራችሁ ደግሞ፣ አጠር ያለ ዛፍ ለመርጨትም ይመቻል።