ዊሊ ኔልሰንን መድረክ ላይ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካንትሪ ሙዚቃ ለአበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ጉርምስናውን በኬኒ ሮጀርስና በዶን ዊሊያምስ ካሴት ያሳለፈ ስንቱ ነው! ዊሊ ኔልሰን ግን የዚያ የለሰለሰ ድምፅ ዘመድ አይደለም። በአፍንጫው ይዘፍናል፣ ጊታሩ ደረቅ ነው፣ መድረኩ ላይ ጭፈራም ርችትም የለም። ሳይዘጋጅ የገባ ሰው «ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዶላር የከፈልኩት?» ብሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1933 አቦት በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ የተወለደ ሰው ዘጠናን ተሻግሮም ሕዝብ ሲሰበስብ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ሳያዩ የሚመለሱት ሰዎች ስህተታቸው ተመሳሳይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲዲው ላይ ያለውን ዘፈን ፍለጋ መሄድ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ዊሊ ግጥሙን ምቱ ላይ አያሳርፍም። ባንዱ በልኩ ሲሄድ እሱ ወይ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወይ ቀድሞ ይጨርስና ዝም ይላል፤ ስንኙ ማለቂያ ላይ ይገናኛሉ። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ እዚያም ማሲንቆው እየሄደ ቃሉ እንደ ጨዋታ ጣል ይደረጋል። «ሽማግሌው ምቱ ጠፋበት» የሚሉ አሉ። አልጠፋበትም። በ1961 የካንትሪ ዘፋኟ ፓትሲ ክላይን «ክሬዚ» የተባለውን ዘፈን ልትቀዳ ስትል የተቸገረችው በዚሁ ነበር። ዘፈኑን የደረሰው ዊሊ ነው፤ ናሙናው ላይ የዘፈነበትን አካሄድ መከተል አስቸገራትና በራሷ መንገድ ተጫወተችው። ያኔ እሱ ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ስለዚህ አብራችሁ ለመዝፈን አትቸኩሉ። ሕዝቡ በሙሉ ስንኙን ጨርሶ እሱ ገና መሐል ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዳንዴ ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስለኛል። ታዋቂው ዘፈኑ «ኦን ዘ ሮድ አጌይን» ሲመጣ ግን እንደልባችሁ ዝፈኑ፤ እዚያ ላይ ማንም ማንንም አይሰማም።

ጊታሩን እንደ ጌጥ ማየት

ከድምፅ መውጫው በታች ሌላ ቀዳዳ አለው። ለማስታወቂያ የተቦረቦረ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በ1969 ዊሊ ይጫወትበት የነበረውን የባልድዊን ጊታር አንድ ሰካራም ረግጦ ሰበረበት። ናሽቪል ላለ ጠጋኝ ቢልከው «ይሄ አይሆንም፣ ግን ማርቲን የተባለው ጊታር ፋብሪካ የሠራው ክላሲካል ጊታር አለኝ» ተባለ። ሳያየው በ750 ዶላር ገዛው፤ ድምፅ ማንሻውን ከተሰበረው ነቅለው አዲሱ ላይ ተከሉለት። ስሙንም በፊልም ካውቦዩ በሮይ ሮጀርስ ፈረስ «ትሪገር» አለው።

ክላሲካል ጊታር የናይለን ክር ያለውና በጣት የሚመታ ነው። ስለዚህ የብረት ክር ባላቸው ጊታሮች ላይ እንደሚደረገው እንጨቱን ከጭረት የሚከልል ነገር አይለጠፍበትም። ዊሊ ደግሞ በፒክ (በጣት በሚያዝ ትንሽ የክር መምቻ) ነው የሚመታው፣ ያውም አጥብቆ። ፒኩና ጣቶቹ ለዓመታት ሲፍቁት እንጨቱ ሳሳ፣ ከዚያ ተበሳ። የቀረው ፊቱ በፊርማ ተሸፍኗል፤ መጀመሪያ የፈረመበት ሙዚቀኛው ሊዮን ረስል ነው።

ታዲያ ለምን አስረዘምኩት? ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ቢራ ሊገዛ ስለሚነሳ ነው። ዊሊ የጃዙ ጊታሪስት የጃንጎ ራይንሃርት አድናቂ ነው፤ ዜማዎቹን መድረክ ላይ ይጫወታል። አንዷን ድምፅ መትቶ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሦስት አራቱን አከታትሎ ይበትናቸዋል። ከዘፈኑ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የሚገለጠው። ቢራው ይቆይ።

ሰዓት አለመጠየቅ

የራሱ ኮንሰርት ከሆነ በጊዜ ግቡ። የቴክሳስን ባንዲራ ከኋላ አድርጎ፣ መግቢያ ንግግር እንኳ ሳያበዛ፣ ለአሥርት ዓመታት ሲከፍትበት በኖረው «ዊስኪ ሪቨር» ይጀምራል። «አውትሎው» የሚባለው ተዘዋዋሪ ፌስቲቫል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2024 ቦብ ዲላን፣ ሮበርት ፕላንት ከአሊሰን ክራውስ ጋር እየተጫወቱ የመዝጊያው ሰዓት ለዊሊ ነበር። ከቀትር በኋላ በቴክሳስ ፀሐይ ሣር ላይ ተቀምጦ ዊሊ ሲመጣ አልቆለት የተኛ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የበሩ ነው፣ የእሱ አይደለም።

ርካሽ ነው ብሎ ሣሩን መምረጥ

ለሌላ ዘፋኝ ከወንበሮቹ ኋላ ያለው ሣር ይበቃል። ይሄ ግን በትንንሽ ነገር የሚኖር ሙዚቃ ነው፤ ከሩቅ የምታዩት ስክሪን ነው። ከተቻለ አዳራሽ ምረጡ። ለምሳሌ ኦስቲን ያለው የሙዲ ቲያትር፣ በሩ ላይ የዊሊ ሐውልት የቆመበት፣ እንዲህ ላለው ጨዋታ የተመቸ ነው። ከልጆች ጋር የምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ዊሊ ሳንባው ስላስቸገረው ማጨስ አቁሟል፤ ታዳሚው ግን አላቆመም፤ የሚሸተውም ሲጋራ ብቻ አይደለም።

ሌሎቹን አለማየት

ባንዱ «ፋሚሊ» (ቤተሰብ) ይባላል፣ ስሙም ልክ ነው። ሚኪ ራፋኤል ከ1973 ጀምሮ ከጎኑ ሃርሞኒካ ይነፋል። ዊሊ ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም የሚቀረውን ክፍተት ማን እንደሚሞላው አስተውሉ። ፒያኖውን ሃምሳ ዓመት ገደማ የተጫወተችለት እህቱ ቦቢ በ2022 አርፋለች፤ ከበሮ መቺው ፖል ኢንግሊሽ በ2020። ልጆቹ ሉካስና ማይካ በየጊዜው አብረውት ይወጣሉ። ልጅ ስንኝ ሲያነሳ አባት የሚያይበት አስተያየት ካሜራ ሁሌ አይዘውም።

የድሮውን ጉልበት መጠበቅ

ዛሬ ተቀምጦ ነው የሚዘፍነው፣ ረጅሙን ስንኝ ይቆርጠዋል። የ1970ዎቹን ቪዲዮ አይቶ የሄደ ሰው ይከፋዋል። በዚህ ዕድሜ መሰረዝም ሊኖር ይችላል። በ2024 የፌስቲቫሉ ጉዞ ሲጀመር ታሞ ቀርቶ፣ የተመለሰው በጁላይ 4 ኒው ጀርሲ ላይ ነበር። እሱ በሌለባቸው ቀኖች ፌስቲቫሉ ቀጥሏል። ስለዚህ አውሮፕላን ቆርጦ ከሌላ ስቴት የሚሄድ ሰው የሚሰረዝና ገንዘቡ የሚመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ይያዝ፣ በዋዜማውም ዜናውን ይመልከት። የኮንሰርቱም ትኬት ከአዳራሹ ከራሱ ይገዛ፤ መልሰው የሚሸጡት ሰዎች ዋጋውን ያንሩታል።

መኪና ማቆሚያ እንዳይጨናነቅ ብሎ ቀድሞ መውጣት

«ዋናዎቹ ዘፈኖች አለቁ» ብሎ የሚነሳው ሰው ብዙ ነው። ዊሊ ወደ ማብቂያው ላይ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮችን ይዘምራል፤ በፌስቲቫሉም ቀን ሲጫወቱ የዋሉት ሙዚቀኞች ወጥተው ይከቡትና አብረው ያዜማሉ። ከዚያ ባርኔጣውን ወይም ራሱ ላይ ያሰረውን ሻሽ ወደ ሕዝቡ ይወረውርና ይሄዳል። ተመልሶ ይወጣል ብላችሁ ግን ቆማችሁ አታጨብጭቡ፤ ብዙ ጊዜ አይመለስም።