የኤሲ ጋዝ ለምን ደጋግሞ ያልቃል? ችግርና መፍትሄ

ጅማ እንደ ጋምቤላ የምታቃጥል ከተማ አይደለችም። ቢሆንም በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ኤሲ ለምን እንደሚገዛ ይገባዋል። ጣጣው የሚመጣው ሲበላሽ ነው። ድሮ «ጋዝ ሙላልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። አሁን ጋዙ ብዙ ዓይነት ሆኗል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከቤት ውጪ ባለው የኤሲው አካል ጎን የተለጠፈውን ስቲከር አንብቡ፤ የጋዙ ዓይነት እዚያ ተጽፏል። አር-22 የሚል ከሆነ አሮጌ ነው። የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እየቀረ ነው። አር-410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን ግን ክፉኛ ያሞቃል። በፈረንጆቹ 2016 ኪጋሊ ላይ የተደረገው የዚሁ ስምምነት ማሻሻያ እንዲህ ያሉትን ለመቀነስ ነው። አር-32 የማሞቅ አቅሙ የአር-410ኤ ሲሶ ገደማ ነው። አር-290 ፕሮፔን ነው፤ ምድርን የሚያሞቀው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ጋዝ ተሞልቶ ከጥቂት ወር በኋላ ቅዝቃዜው ይጠፋል

መጀመሪያ ማጣሪያውን አውጥታችሁ እጠቡ። አቧራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ጋዙ እየሾለከ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ሄርማታ ያለች ዘመዴ ቤት በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተሞላ። ሦስቴም ቀዳዳውን የፈለገ ሰው አልነበረም። አንድ ኪሎ አር-410ኤ አየር ላይ ሲለቀቅ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። ገንዘቧም ምድሯም ተጎዱ፤ ይህ ያንገበግበኛል።

መፍትሄው፦ የመዳብ ቱቦው የሚገናኝባቸውን ዳዶዎች በሳሙና አረፋ መፈተሽ ነው። አረፋ ከነፋ እዚያ ነው። ባለሙያው በደረቅ ናይትሮጅን ይሞክረው። በብየዳ ኦክስጅን ግን በፍጹም! ማሽኑ ውስጥ ካለው ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ከተጠገነ በኋላ ጋዙ በግምት ሳይሆን ስቲከሩ ላይ ባለው ልክ በሚዛን ይሞላ።

አዲስ ጋዝ ከተሞላ ወዲህ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ይጮሃል፣ ይቆማል

ምናልባት የአር-22 ማሽን ውስጥ አር-410ኤ ገብቷል። ግፊቱ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ዘይቱም አይስማማም። ጋዙ ወደ ሲሊንደር ተመልሶ ይውጣ፤ አየር ላይ አይለቀቅ። ማሽኑ የተሠራበት ጋዝ ብቻ ይሞላለት።

አሮጌ ማሽን ውስጥ ፕሮፔን ሞልተው «ይኸው ቀዘቀዘ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይቀዘቅዛል። ግን የዚያ ማሽን ማብሪያና ማጥፊያዎች ለሚቀጣጠል ጋዝ አልተሠሩም። አንዲት ብልጭታ ቤቱን ልታነድ ትችላለች። ፕሮፔን የሚያምረው ለእሱ በተሠራ ማሽን ውስጥ ነው። አር-32ም ቀስ ብሎም ቢሆን ይቀጣጠላልና ሲጠገን መስኮት ይከፈት፣ ከሰል ይጥፋ።

ቫኪዩም ተደርጎ (የቱቦው አየር በፓምፕ ተመጥጦ) የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ቀስት ታች አይደርስም

ፓምፑን ከመውቀሳችሁ በፊት ከፍታችንን አስቡ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ሙሉ ቫኪዩም ጌጁ ላይ ከዜሮ በታች 0.8 ባር ገደማ ያሳያል፤ 1 ባር አይደርስም። ቀስቱን ብቻ አትመኑ። የማይክሮን (እጅግ ትንሽ የግፊት መጠን) መለኪያ ያለው ባለሙያ ፈልጉ፤ 500 ማይክሮን ደርሶ ፓምፑ ሲዘጋ ቁጥሩ ተመልሶ ካልወጣ ንጹሕ ነው።

በክረምት ውሃ ቤት ውስጥ ያንጠባጥባል

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጋዝ ነገር አይደለም። የውሃ መውጫው ቱቦ ተደፍኗል። አጽዱት። በዚህ ምክንያት ብቻ ጋዝ ልሙላ የሚላችሁን እምቢ በሉት።