ለፀሐይ ግርዶሹ ካርቶንና መርፌ ይበቃል

ጎንደር ያላችሁ፣ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በራጅ ፊልምም ሆነ በተራ ጥቁር መነጽር እንዳታዩ፣ አደራ! ብርሃኑ የዓይንን ውስጥ ሲያቃጥል ሕመም ስለሌለው ልጆች መጎዳታቸውን ቶሎ አያውቁም።

ካርቶን ላይ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል በመርፌ ብሱ፤ ቀዳዳዎቹ በአውራ ጣት ስፋት ይራራቁ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ካርቶኑን ከነጭ ወረቀት አንድ ክንድ ያህል አርቁት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የተገመጠች ትንሽ ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ይጥላል፣ ፊደሉም በእነሱ ይጻፋል። የዱቄት ወንፊት ግን ቀዳዳው ስለሚቀራረብ ምስሉን ያደባልቀዋል።

ሥራ ላይ የምትሆኑ፣ ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር መሬቱን እዩ፤ በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ብርሃንም ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። ክረምት ስለሆነ ደመናው ገለጥ ሲል ጎረቤት ተጠራሩ።